በሕማማት የተቆለፈው ድምፅ

ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ጽፌአለሁ። ልጅ የለኝም፤ ብዙ ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁትም ምናልባት ለዚህ ይሆናል። አዲስ አበባ ሳለሁ ስልክ የሕፃናትን ጆሮና ዓይን እንዴት እንደሚሰርቅ በተከታታይ ያወጣኋቸውን መጣጥፎች ወላጆች በስልካቸው አንብበው በስልካቸው ተቀባበሏቸው። ልጆቻቸው በዚያ ሰዓት ምን ያደርጉ እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሁለተኛው ስልክ ላይ ነበሩ።

የምጽፍበት ጋዜጣ ሲዘጋ መንዝ ውስጥ ዘመሮ ወዳለው ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ሰው ሲጠይቀኝ "እናቴን እየጦርኩ ነው" እላለሁ። እናቴም ሰው ሲጠይቃት "ልጄን እየጦርኩ ነው" ትላለች። ከሁለታችን የማትዋሸው እሷ ናት።

በቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ የታናሽ እህቴ ልጅ ነበረች። እህቴ ለሥራ ወደ አረብ አገር ስትሄድ ልጅቷ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። አባትየው ከመንገድ ሠራተኞች ጋር መጥቶ መንገዱ ሲያልቅ አብሮ የሄደ ሰው ነው። መንገዱም ቢሆን ከእሱ ብዙም አልተሻለም፤ በሁለተኛው ክረምት ፈረሰ።

እህቴ በሄደችበት ከተማ የምትሠራው የሌላ ሰው ልጆችን ማሳደግ ነው። የቤቱ እመቤት ልጆቿ ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ስክሪን የሚባል ነገር እንዳያዩ ቆርጣ ስለነበር ስክሪን የሌለው ማጫወቻ ገዛችላቸው። ዕቃው የሙልሙል ዳቦ ያህላል፤ ዙሪያውን በለስላሳ ጨርቅ ተለብጧል። አናቱ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲያስቀምጡበት አሻንጉሊቱ የያዘውን ተረት ያወራል፤ ሲያነሡት ዝም ይላል። የእመቤቲቱ ልጆች ሲሰለቹት ለእህቴ ተሰጣት። እህቴ ደግሞ አገር ቤት በምትገባ ጓደኛዋ እጅ ለልጇ ላከችው።

አብረውት ከመጡት አሻንጉሊቶች አብዛኞቹ የሚያወሩት በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። አንዱ ብቻ ባዶውን መጣ። ባዶው ወላጅ የራሱን ድምፅ የሚቀርጽበት ነው። እንዴት ይቀረጻል? በስልክ። ወላጁ ስልኩ ላይ መተግበሪያ ይጭናል፣ ይናገራል፣ ይልካል፤ ማጫወቻው ደግሞ ከኢንተርኔት ይቀበላል። ስልክ ልጅ ያበላሻል ብለው የተነሡ ሰዎች፣ ከብዙ ድካም በኋላ፣ ያለ ስልክ የማይሠራ መጫወቻ ፈጠሩ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ መጣጥፍ ልጽፍበት አሰብኩ። የሚያትመው አልነበረም እንጂ።

ባዶው አሻንጉሊት ድብ ነው። በመንዝ ድብ የለም። እናቴ ገና ከማሸጊያው ሲወጣ አይታ "ይሄ የጅብ ግልገል ነው" ብላ ፈረደች፤ ድብ መሆኑን ባስረዳትም "በግ የሚያድርበት ቤት ነው፣ ጅብ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም" አለች። ስለዚህ ድቡ መኖሪያው የልጅቷ የሹራብ ኪስ ሆነ። የመጀመሪያው ተረት ከእህቴ ሲደርስና ልጅቷ ድቡን አናቱ ላይ ስታስቀምጠው፣ "እንደምን ሰነበትሽ የኔ ሆድ" የሚል ድምፅ ከማጫወቻው ወጣ። እናቴ ይዛው የነበረውን የገብስ ሰፌድ ለቀቀችው። ገብሱን አብረን ለቀምን።

ተረቱ ቃጭሏን ጭጋግ ውስጥ ስላጣች በግ ነው። እህቴ ከየትም አላመጣችውም፤ ፈጥራው ነው። ሲያልቅ በከንፈሯ የመሳም ድምፅ አሰምታ፣ "ደህና ሁኚ" ብላ ታበቃለች።

አሁን የእኔ ሥራ ይጀምራል። ዘመሮ ውስጥ ኢንተርኔት ደህና የሚይዘው፣ ያውም ሲኖር፣ ከከተማው በላይ የኔትወርክ ምሰሶው ያለበት ጉብታ ላይ ነው። እህቴ አዲስ ተረት በላከች ቁጥር ማጫወቻውን በጋቢ ጠቅልዬ እወጣለሁ፤ ስልኬን አጠገቡ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ እጠብቃለሁ። የመንዝን ነፋስ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ሽርሽር ሊያየው ይችላል። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች በአጠገቤ ሲያልፉ አንዷ፣

"ጋሼ፣ ዛሬም ሕፃኑን ፀሐይ ሊያሞቁ ነው?" ትላለች።

"ነው።"

"ክርስትናው መቼ ነው? ሳንጠራ እንዳይቀር!"

ሌላዋ ትቀበላለች፦ "ተያቸው እቴ። በስተርጅና የወለደ ሰው አይቀለድበትም።"

ሁለተኛውን ተረት ይዤ ስወርድ ልጅቷ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ድቡን አስቀመጠች፤ ሰላምታውን ሰማች፤ ተረቱ ስለ ዝንጀሮዎች ሠርግ መሆኑ ሲገባት ድቡን አንሥታ ሰጠችኝ።

"ይሄ አይደለም።"

"አዲስ ነው እኮ። እናትሽ ናት፤ አዲስ ተረት ልካልሽ።"

"የድሮዋን መልስልኝ።"

የድሮዋ የለችም። ድቡ የሚይዘው አንድ ተረት ነው፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይጠፋል። ይህን ለአራት ዓመት ልጅ አስረዳሁ፤ እሷም እንደ ማንኛውም አንባቢ አልተቀበለችኝም። ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ ዋለች ብል ማጋነን ይሆናል፤ ቂጣ በልታለች። ግን ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር የምትበላው። በሦስተኛው ቀን ጉብታው ላይ ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ አበላሽቶታል፣ የመጀመሪያውን መልሰሽ ላኪው አልኳት። ላከች። ልጅቷም ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እህቴ አዲስ ተረት በላከች ቁጥር ማጫወቻውን ይዤ እወጣለሁ፣ ጉብታው ላይ ስልኬን ሳላገናኝ ተቀምጬ እቆያለሁ፣ እወርዳለሁ። ተረቱ አይገባም። ለእህቴ ግን "ደርሷል፣ ወዳዋለች" እላለሁ። መተግበሪያው "ተልኳል" ይላል እንጂ "ተሰምቷል" አይልም፤ መዋሸት ለሚፈልግ ሰው ይህን ያህል የተመቸ ዕቃ አላየሁም። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። እህቴ የሰው ልጆች ካስተኛች በኋላ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብላ ለልጇ ተረት ትፈጥራለች፤ ልጇ ያችኑ አንዲት በግ ትሰማለች።

ስልክስ? አልፎ አልፎ መስመሩ ሲፈቅድ እህቴ ትደውል ነበር። ልጅቷ ግን ስልክ አትወድም። "የስልኳ ታለቅሳለች" ትላለች። እውነቷን ነው። የስልኳ እናት "በላሽ ወይ? አትረሺኝም አይደል?" ትላለች፤ መልስ ትፈልጋለች። የማጫወቻው እናት ምንም አትጠይቅም። ሲፈልጓት ትናገራለች፤ ሲያነሡባት ዝም ትላለች። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ዘመድ ቢኖረኝ ሌላውን አልፈልግም ነበር። የሚያስፈራኝም ይኸው ነበር፤ እህቴ አንድ ቀን ስትመጣ፣ ልጇ ከራሷ ከእናቷና ከማጫወቻው ማጫወቻውን ትመርጥ ይሆናል። ያንን ምርጫ ደግሞ እኔ ነኝ ጉብታ ለጉብታ ተሸክሜ ያሳደግሁት።

ሰሞነ ሕማማት ገባ። በእናቴ ቤት በዚያ ሳምንት ሰላምታ የለም። ይሁዳ ጌታን ስሞ አሳልፎ ሰጥቶታልና ማንም ማንንም አይስምም፤ "እንደምን አደርክ" አይባልም፤ ጠዋት ተያይቶ ዝም ነው። ሰኞ ማለዳ ልጅቷ ድቡን አስቀመጠችና ማጫወቻው "እንደምን ሰነበትሽ የኔ ሆድ" አለ። እናቴ ከጓዳ ወጣች።

"ይሄ ነገር ሕማማት መግባቱን አያውቅም?"

"ማጫወቻ ነው እማዬ፤ ምን ያውቃል?"

"አንተ ታውቅ የለ? ሰላምታ ይሰጣል። ሲጨርስ ደግሞ ይስማል! በቤቴ በሕማማት ከንፈሩን የሚያሞጠሙጥ አይኖርም።"

ማጫወቻውን አንሥታ በነጠላ ጠቀለለችውና የልብስ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረች። ልጅቷ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም፤ ድቡን ኪሷ ከትታ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ሕማማት የሚባለው ነገር የገባት በዚህ መልክ ነው፤ የሁሉም ሰው እናት ሣጥን ውስጥ የምትቆለፍበት ሳምንት።

እህቴ ለፋሲካ እንደምትመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ድንገት ልድረስባቸው ብላ ነው። በጸሎተ ሐሙስ፣ ለጉልባን ባቄላ እየከካን ሳለ በሩ ላይ ሻንጣ ተቀመጠ። እህቴ ነበረች። ከስታለች፤ ፊቷ ፀሐይ እንዳልነካው ሰው ነጥቷል። ወደ እናቴ ሮጠች። እናቴ ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ወደኋላ አለች።

"ልጄ! ሕማማት ነው!"

"እማዬ፣ ሦስት ዓመቴ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ቆጥሬዋለሁ።" እንባዋ ይወርዳል፤ እጇን ግን አላጠፈችም። "እሑድ እስምሻለሁ። ሦስት ዓመት ችለሽ ሦስት ቀን አቃተሽ?"

እህቴ መሐል ወለል ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ በርከክ አለች። "እኔ ነኝ። አወቅሽኝ? እኔ ነኝ እኮ።"

ልጅቷ ድምፁን ሰማች። ያወቀችው ድምፁን ነው፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ግን የዞረችው ወደ ሣጥኑ ነው። ሣጥኑን አየች፣ ሴትየዋን አየች፣ ከዚያ እኔን፦

"ጋሼ፣ እማማ ቆልፈውባት የለ እንዴ?"

ከሰዓት በኋላ እህቴ ልጇን በወሬ ልታለምዳት ሞከረች። "የዝንጀሮዎቹን ሠርግ ወደድሽው? ሙሽራው ሱሪ ሲያጣስ? ጓሳ ሣር ሊያጭድ ሄዶ ስለተኛው ሰውዬስ?" ልጅቷ በትሕትና ታያታለች፤ ቤት እንደተሳሳተ እንግዳ። እህቴ ቀስ ብላ ተነሣችና በዓይኗ ወደ ውጭ ጠራችኝ። በበጎቹ በረት አጠገብ ቆምን።

"ስንቱን ሰምታለች?"

"አንዱን።"

"አንዱን ምን?"

"አንዱን ተረት። የመጀመሪያውን። ሌላ አልፈለገችም።"

"ስለ ዝንጀሮዎቹ 'በሳቅ ፈረሰች' አልከኝ።"

"ብያለሁ።"

"ሱሪው ጋ ስትደርስ እንዴት እንዳደረጋት ሁሉ ነገርከኝ እኮ! እጇን አፏ ላይ አድርጋ ምናምን!"

"ብያለሁ አልኩሽ።"

"እኔን መጣጥፍ ጻፍክብኝ በላ።" በግ የምታባርር መስላ መሬት ላይ ያለ ድንጋይ በእግሯ ጠለዘች። "እሺ፣ የመጀመሪያው ስለ ምን ነበር?"

"አታስታውሺውም?"

"ከዚያ ወዲህ ስንት አወራሁ! ሁሉንም ድካም ላይ ሆኜ ነው የማወራው። በግ ናት? በግ ነበረች መሰለኝ።"

ወደ ቤት ገብታ ማጫወቻው ይውጣልኝ ብላ እናቴን ለመነች፤ አንድ ጊዜ ሰምታ ተረቱን ልታጠናው። የራሷን ድምፅ ልታጠና። እናቴ መቀነቷን በእጇ ይዛ "እሑድ" አለች። እህቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እንዳግዛት። ሕይወቴን ሙሉ ከእናቴ ሥርዓት ጋር ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ጾም፣ ስለ ስግደት፣ ስለ ሁሉም። በዚያች ሰዓት ግን "ይቆይ" አልኩ። ለይሁዳ ብዬ አይደለም። ማጫወቻው ከወጣ ልጅቷ እናቷ እያየች እሱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ያንን ማየት አልፈለግሁም። እናቴ ከእሷ ጋር በመስማማቴ ደንግጣ "አመመህ?" አለችኝ።

ዓርብ ስቅለት ነው። እናቴና እህቴ በማለዳ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ጉልበቴን አመካኝቼ ከልጅቷ ጋር ቀረሁ። እህቴ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብቻዋን ተመለሰች። ሁለት ቀን በመንገድ የተንገላታች፣ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰች፣ ከማለዳ ስትወድቅ ስትነሣ የዋለች ሰው ናት። መደቡ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም።

ልጅቷ ከሣጥኑ አጠገብ ተነሣች። ወደ መደቡ መጣችና ድቡን ከኪሷ አውጥታ የእናቷ ጉልበት ላይ አቆመችው። ከዚያ ትንሽ ወደኋላ ብላ ጠበቀች።

እህቴ አየችኝ።

"መጀመሪያ 'እንደምን ሰነበትሽ የኔ ሆድ' ትያለሽ" አለች ልጅቷ።

እህቴ ወደ በሩ አየት አደረገች። ማንም የለም። "እንደምን ሰነበትሽ የኔ ሆድ" አለች፤ ቀስ ብላ፣ የሰረቀችውን እንደምትመልስ ሰው። "አንዲት በግ ነበረች..."

"ጥቁር በግ።"

"አንዲት ጥቁር በግ ነበረች። ጭጋግ ሲወርድ ቃጭሏ ወደቀባት።"

"አልወደቀም። ጭጋጉ ወሰደባት።"

"እሺ፣ ጭጋጉ ወሰደባት። ከዚያ ቀበሮን አገኘችና 'ቃጭሌን አይተሃል?' አለችው።"

"'አላየሁትም፣ ግን ሰምቼዋለሁ።'"

"'የት ሰማኸው?'" እህቴ ትንሽ ፈገግ አለች፤ መንገዱን ያገኘች መስሏታል። "ከዚያ ገብሱን ጠየቀችው፤ አይደል?"

"ገና ነው! እዚህ ጋ 'ቆይ መጣሁ' ትያለሽ።"

"ምን እላለሁ?"

"'ቆይ መጣሁ' ትያለሽና ዝም ትያለሽ። በር ይጮሃል። ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ ትመጪና 'የት ደርሰን ነበር?' ትያለሽ።"

እኔ ይህን አውቀዋለሁ፤ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። እህቴ ስትቀርጽ እመቤቲቱ ጠርታት ይሆናል፣ ከልጆቹ አንዱ ነቅቶ ይሆናል፤ ስልኩን እንደበራ ትታ ሄዳለች፣ ተመልሳ ቀጥላለች፣ ቆርጣ ማውጣቱን ረስታዋለች። እኔ የአቀራረጽ ጉድለት ነው ብዬ ነበር የማልፈው። እንዲያውም አንድ ጊዜ እንድታስተካክለው ልነግራት አስቤ ነበር።

"ብዙ ነው ዝም የምለው?" አለች እህቴ። ድምፅዋ ተለውጧል።

"ብዙ ነው። እኔ እጠብቃለሁ። ከዚያ ትመጫለሽ።"

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷ አልቸኮለችም፤ ሁለት እጇን ጉልበቶቿ መሐል ከትታ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እህቴ፣

"ቆይ መጣሁ" አለች።

ዝም ሆነ። ከማጫወቻው ዝምታ በላይ ረዘመ፤ ልኩን አውቀዋለሁ። ቀና ብዬ ሳይ የእህቴ ራስ ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሏል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ተኝታለች።

ልጅቷ ድቡን አነሣችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። ደግሞ አነሣችው፣ በደንብ መሐል ላይ አድርጋ አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ አልመጣችም።"

"ተኝታ ነው። ደክሟታል።"

"ሌላዋ አይደክማትም።"

"አዎ፣ ሌላዋ አይደክማትም።"

ይህን ለማብራራት አፌን ከፍቼ ነበር። ስለ ድምፅና ስለ ሥጋ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ስላታለልኩት ሰው አንድ የተስተካከለ አንቀጽ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ልጅቷ ግን እኔን እያየችኝ አልነበረም። የእናቷን እግር እያየች ነው።

"ከእነ ጫማዋ" አለች።

ወርዳ በርከክ አለችና የአንዱን ጫማ ማሰሪያ ፈታችው። ሁለተኛው ቋጠሮ ሆኖ ነበር፤ በጥርሷ ታገለችው፣ አልፈታ ሲላት እንዲሁ በኃይል ስባ አወለቀችው። አፍንጫዋን ያዘች።

"እግሯ ይሸታል" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ከሩቅ ነው የመጣችው።"

ይህን ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ አፍንጫዋን ለቀቀችና የእናቷን እግሮች አንድ በአንድ አንሥታ መደቡ ላይ አወጣቻቸው፤ ሁለተኛው ሲከብዳት በሁለት እጇ አቅፋ።